አማካዩ ቆሽት የማን ነው? የስኳር በሽታ ጥናት ስለዘለላት አንዲት ጥያቄ

ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዓለም ላይ ስኳር በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ወንዶቹ ከሴቶቹ በ17.7 ሚሊዮን ይበልጣሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ሴቶችን ኢስትሮጅን ይጠብቃቸዋል»። በቃ፣ አለቀ።

መልሱ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ጥያቄውን ቶሎ መዝጋቱ ነው። የስኳር በሽታ ጥናት ጾታን ለረጅም ጊዜ ያስተናገደው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ጨርሶ ትቶታል፣ ወይ ደግሞ በአንድ ሆርሞን ስም ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ሁለቱም መንገዶች ቆሽትን ከአንድ ፋብሪካ እንደወጣ፣ በማንም ሰው ሆድ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ እንደሚሠራ ዕቃ ይቆጥሩታል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። በእኛ ትምህርት ሁለት የተለያዩ ማሽኖችን ለክቶ፣ አማካዩን ወስዶ፣ «ማሽኑ እንዲህ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከመምህሩ ቀይ ብዕር አያመልጥም። 37 ቁጥር እና 43 ቁጥር ጫማ የሚያደርጉ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል፤ አማካዩ 40 ነው። 40 ቁጥር ጫማ ብትገዙላቸው ግን አንዱን ያጠብቀዋል፣ ሌላውን ያወልቀዋል።

ቆሽት ምንድን ነው የሚሠራው?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ጋደም ብሎ የተቀመጠ አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመርታል። ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ብቻ በውስጡ እንደ ደሴት ተበትነው የሚገኙ የሕዋስ ስብስቦች ናቸው። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ ገና ተማሪ ሳለ በ1869 ስለገለጻቸው የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። በእነዚህ ደሴቶች ውስጥ ያሉት ቤታ ሕዋሳት ኢንሱሊን ያመነጫሉ፤ አልፋ ሕዋሳት ደግሞ ግሉካጎን። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉበትንም «ስኳር መልቀቅህን ቀንስ» ይለዋል። ግሉካጎን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

በመሐንዲስ ዓይን ቤታ ሕዋስ የሚገርም ነገር ነው፤ ሴንሰርም፣ መቆጣጠሪያም፣ ፓምፕም ነው። የስኳሩን መጠን ይለካል፣ ስንት ኢንሱሊን እንደሚያስፈልግ ይወስናል፣ ይለቃል። ስኳሩ ሲወርድ ደግሞ እጁን ይሰበስባል። ስኳር በሽታ የሚመጣው ይህ ዑደት ሲበላሽ ነው። በአንደኛው ዓይነት የሰውነት መከላከያ ራሱ ቤታ ሕዋሳትን ያጠፋቸዋል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ቤታ ሕዋሳቱ ይህን ለማካካስ ከአቅም በላይ ሲሠሩ ይቆዩና በመጨረሻ ይዝላሉ።

ስለዚህ ጾታ ሊገባ የሚችልባቸው ቢያንስ ሦስት በሮች አሉ፦ ፓምፑ ራሱ፣ ፓምፑ የሚሸከመው ጭነት፣ እና እኛ ሥርዓቱን የምንለካበት መሣሪያ። አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ስለ ውፍረት፣ ስለ ቦርጭ። ወንዶች ስቡን ሆዳቸው አካባቢ ስለሚያከማቹ ቶሎ ይታመማሉ ይባላል። እውነትም አለው። ግን ስለ ፓምፑና ስለ መለኪያው ዝም ከተባለ ታሪኩ ግማሽ ነው።

ልዩነቱ አዲስ ወሬ አይደለም

በ1947 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አርጀንቲናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቤርናርዶ ኡሳይና ባልደረቦቹ አብዛኛው ቆሽታቸው በቀዶ ጥገና የወጣ አይጦችን ይከታተሉ ነበር። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበልጥ በስኳር በሽታ ተያዙ። የዘር ፍሬያቸው የወጣ ወንዶች ላይ በሽታው ቀነሰ፤ የእንቁላል እጢያቸው የወጣ ሴቶች ላይ ደግሞ ጨመረ። ይህ ሁሉ የታወቀው በ1950ዎቹ ነው። ማለትም «ጾታ ቆሽትን ይነካል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከ70 ዓመት በፊት የመጀመሪያ መልሱን አግኝቷል።

በ2006 የታተመ ሌላ የአይጥ ጥናት ነገሩን ወደ ሕዋስ ደረጃ አወረደው። ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባል ቤታ ሕዋስን የሚገድል ኬሚካል አለ፤ ወንድ አይጦችን በቀላሉ ሲጥላቸው ሴቶቹ ይቋቋሙታል። ተመራማሪዎቹ ኢስትሮጅን ማምረት የማይችሉ ወይም አልፋ የተባለው የኢስትሮጅን ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ላይ ሲሞክሩት ግን መከላከያው ጠፋ። ኢስትሮጅን ማምረት ለማይችሉት ሆርሞኑን መልሰው ሲሰጧቸው ተመለሰ። ይህ ስለ ቦርጭ አይደለም፤ ኢስትሮጅን ቤታ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ «አትሙት» እያለው ነው።

ሰው ላይስ? በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ሥራ፣ ከሞቱ በኋላ አካላቸውን ከለገሱ ሰዎች የተወሰዱ ደሴቶችን በጾታ ለይተው መረመሩ። ከሴቶች የመጡት ደሴቶች ለስኳር ሲጋለጡ ከወንዶቹ የበለጠ ኢንሱሊን ለቀቁ። ጂኖችን የሚያበሩና የሚያጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶችም በሁለቱ መካከል ይለያዩ ነበር፤ በተለይ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ። እዚህ ላይ ደሴቶቹ ከሰውነት ወጥተው በሳህን ውስጥ ናቸው። በዙሪያቸው ቦርጭም የለም፣ በዚያች ሰዓት ከደም የሚመጣ ሆርሞንም የለም። ልዩነቱ ግን አብሯቸው መጥቷል።

አይጡ ለምን ወንድ ሆነ?

ይህን ሁሉ እያወቀ ሳይንሱ ምን አደረገ? ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ጥናት ወንድ አይጥ መረጠ። ምክንያቱ ሴራ አይደለም፤ ምቾት ነው። በቤተ ሙከራ በብዛት የሚያገለግለው ጥቁሩ አይጥ ስብ የበዛበት ምግብ ሲሰጠው ወንዱ ቶሎ ይወፍራል፣ ስኳሩም ይጨምራል። ሴቷ ትቋቋማለች። ዙከር በሚባል የታወቀ የአይጥ ዝርያም ወንዶቹ በራሳቸው ስኳር በሽታ ሲይዛቸው ሴቶቹን ለማሳመም የተለየ ምግብ ያስፈልጋል። ጊዜና ገንዘብ ያጠረው ተመራማሪ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ግን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሞተር አለ፣ በሽታው በቀላሉ የሚጥለው። ሌላ ሞተር አለ፣ ተመሳሳይ ነዳጅ ተሰጥቶት የማይወድቅ። ሥራችሁ ሞተር እንዳይወድቅ ማድረግ ከሆነ፣ የማይወድቀውን «አስቸጋሪ» ብላችሁ ከሙከራው ታስወጡታላችሁ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈታው እሱን ነው።

በአንደኛው ዓይነት ጥናት ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ጃፓን ውስጥ የተገኘውና ኖድ የሚባለው አይጥ የአንደኛው ዓይነት ዋና ሞዴል ነው። በተለምዶ ከሴቶቹ ከ60 እስከ 80 በመቶ፣ ከወንዶቹ ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ይታመማሉ። ስለዚህ እዚህ የምትመረጠው ሴቷ ነች። የሰው ልጅ ግን እንዲህ አይደለም። ሌሎች የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃባቸው ትልልቅ በሽታዎች ሴቶች ላይ ሲበዙ፣ አንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ በዚህ ከእነሱ ይለያል፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ከጉርምስና በኋላ እንዲያውም ወንዶች ይበዛሉ። የአይጧ ጾታ ከበሽተኛው ጋር ሳይሆን ከሙከራው ቀን መቁጠሪያ ጋር ነው የተስማማው።

ለወንድ አይጥ መመረጥ ሲሰጥ የኖረ አንድ ሌላ ሰበብ አለ፦ «ሴቶች በሆርሞን ዑደታቸው ምክንያት ውጤታቸው ይለዋወጣል፣ መረጃውን ያምሳል»። ምክንያታዊ ይመስላል አይደል? በ2014 ግን ተመራማሪዎች 293 ጥናቶችን ሰብስበው አዩት። ሴት አይጦች የዑደታቸው ቀን ሳይቆጠር እንኳ ከወንዶቹ የበለጠ አይለዋወጡም። ለአሥርት ዓመታት የሙከራ ንድፍ ሲወስን የኖረ ሰበብ ማንም በወጉ ሳይለካው ነው የኖረው። ከዚያ በኋላ፣ በ2016፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ ጾታን በሙከራ ንድፉ ውስጥ እንዲያስገባ መጠየቅ ጀመሩ።

«ጾታን አስተካክለናል» ማለት ምን ማለት ነው?

እሺ፣ ችግሩ ተፈታ? አልተፈታም። አሁን ብዙ ጥናቶች ሁለቱንም ጾታዎች ያካትታሉ፤ ውጤቱ ላይ ግን ይደባልቋቸዋል። በሒሳቡ ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ፦ «ለዕድሜና ለጾታ አስተካክለናል»። ይህች ዓረፍተ ነገር ምን እንደምትሠራና ምን እንደማትሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለት የሜትር ታክሲዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው መነሻው 100 ብር፣ የሁለተኛው 150 ብር ነው፤ በኪሎ ሜትር ሁለቱም እኩል ያስከፍላሉ። እዚህ ላይ «ማስተካከል» ይሠራል፤ የመነሻውን 50 ብር ልዩነት ቀንሱና ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። አሁን ደግሞ መነሻቸው እኩል ሆኖ አንዱ በኪሎ ሜትር 20 ብር፣ ሌላው 30 ብር የሚያስከፍል ቢሆንስ? ልዩነቱ ከርቀቱ ጋር እያደገ ይሄዳል። ምንም ያህል ብር ከመነሻው ብትቀንሱ አይስተካከልም። መንገዱ ሲረዝም አንደኛው ተሳፋሪ ጉድ ይሆናል።

በተለመደው መንገድ ለጾታ ማስተካከል የመነሻውን ልዩነት ብቻ ነው የሚያነሳው። ጾታ የሚቀይረው ግን ብዙ ጊዜ የኪሎ ሜትሩን ዋጋ ነው፤ ማለትም አንድ ኪሎ ስብ ሲጨመር፣ አንድ ሆርሞን ሲቀንስ፣ አንድ መድኃኒት ሲሰጥ ሥርዓቱ የሚሰጠውን ምላሽ። ይህን ለማየት ሁለቱን ለየብቻ ማሳየት ወይም ልዩነቱን በቀጥታ መፈተን ያስፈልጋል። በስኮትላንድ በ2011 የታተመ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ በተገኘባቸው ጊዜ የወንዶቹ የክብደትና የቁመት ምጣኔ በአማካይ 31.8፣ የሴቶቹ 33.7 ነበር። ተመራማሪዎቹ ለየብቻ ባያሳዩት ኖሮ፣ ወንዶች በአነስተኛ ክብደት እንደሚታመሙ ከዚያ መረጃ ውስጥ ማንም አያየውም ነበር።

የጋሻው ተረት

አሁን ወደዚያች ባለ አንድ መስመር መልስ እንመለስ። ኢስትሮጅን ጋሻ ነው የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ ሰው ላይም አለ። በአሜሪካ በተደረገው ታላቁ የሴቶች ጤና ጥናት፣ ካረጡ በኋላ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የወሰዱ ሴቶች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ባዶ ክኒን ከወሰዱት በ21 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ውጤቱ የታተመው በ2004 ነው። (ያው ጥናት ስትሮክንና የደም መርጋትን የመሳሰሉ ጉዳቶችን ስላሳየ ስኳር በሽታን ለመከላከል ተብሎ ሆርሞን አይታዘዝም።)

ጋሻ የሚለው ምስል ግን ሦስት ነገሮችን ይደብቃል።

አንደኛ፣ ሌላኛውን ሆርሞን ይረሳዋል። ታሪኩ «ኢስትሮጅን ደግ፣ ቴስቶስትሮን ክፉ» ወደሚል ያመራል። በ2021 የታተመ የአውስትራሊያ ሙከራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆኑ፣ ወፈር ያሉና ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ያለ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወንዶች ለሁለት ዓመት በሁለት ቡድን ተከፍለው ታዩ። ሁለቱም ቡድን የአኗኗር ለውጥ መርሐ ግብር ነበረው። በሁለት ዓመቱ መጨረሻ ቴስቶስትሮን ከተሰጣቸው 12 በመቶው፣ ካልተሰጣቸው 21 በመቶው ስኳር በሽታ ነበረባቸው። በሌላ በኩል ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ችግር ያለባቸው ሴቶች ቴስቶስትሮንና መሰሎቹ ሲበዙባቸው በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል። አንድ ሆርሞን፤ በወንዱ ሲያንስ ጉዳት፣ በሴቷ ሲበዛ ጉዳት። በ2016 የታተመ የአይጥ ጥናትም በወንዶች ቤታ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የቴስቶስትሮን ተቀባይ ሲያጠፉት የኢንሱሊን አለቃቀቁ እንደሚዳከም አሳይቷል። ስለዚህ ቴስቶስትሮን ጠላትም ወዳጅም አይደለም፤ የሚያደርገው የሚወሰነው በገባበት ሥርዓት ነው።

ሁለተኛ፣ ጾታ ሆርሞን ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች የዘር ፍሬ እንዲፈጠር የሚያዘውን ጂን ከዋይ ክሮሞሶም ላይ አንስተው ወደ ሌላ ክሮሞሶም በማዛወር አራት ዓይነት አይጥ ሠርተዋል፦ ሁለት ኤክስ ኖሯት የእንቁላል እጢ ያላት፣ ሁለት ኤክስ ኖሮት የዘር ፍሬ ያለው፣ ኤክስና ዋይ ኖሮት የዘር ፍሬ ያለው፣ ኤክስና ዋይ ኖሯት የእንቁላል እጢ ያላት። በዚህ መንገድ ክሮሞሶምንና ሆርሞንን ነጣጥሎ ማየት ይቻላል፤ ለእኔ ከሥነ ሕይወት ሙከራዎች ሁሉ መሐንዲስን የሚያስቀና ይህ ነው። እጢዎቹ በሙሉ ከወጡ በኋላ እንኳ ሁለት ኤክስ ያላቸው አይጦች የበለጠ ስብ አከማቹ። ክሮሞሶሙ ራሱ ድምፅ አለው ማለት ነው፤ ያውም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚናገረው ከጋሻው ታሪክ በተቃራኒ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ «ሴቶች ይጠበቃሉ» የሚለው ቃል ሴቶችን ይጎዳል። በ2014 የታተመና 64 ጥናቶችን፣ ከ850,000 በላይ ሰዎችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው፣ ስኳር በሽታ በልብ የደም ቧንቧ በሽታ የመያዝን ዕድል በሁለቱም ጾታዎች ይጨምራል፤ የጭማሪው መጠን ግን በሴቶች ከወንዶች በ44 በመቶ ይበልጣል። እንዴት? አንዱ ማብራሪያ ከስኮትላንዱ ቁጥር ጋር ይገጥማል፦ ሴቷ በሽታው እስኪገለጥ ድረስ ከወንዱ የበለጠ ክብደትና የበለጠ የጤና መዛባት ተሸክማ ትቆያለች። ፓምፑ ጠንካራ ስለሆነ ችግሩን ለረጅም ጊዜ ይሸፍነዋል፤ ሲወድቅ ግን ዕዳው ተጠራቅሟል። ይህ ጋሻ አይደለም። የማስጠንቀቂያ መብራቱ ዘግይቶ የሚበራ መኪና ነው የሚመስለው።

እርግዝና ደግሞ ለዚህ ፓምፕ ተፈጥሮ ያዘጋጀችው የጭነት ፈተና ነው። በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ከእንግዴ ልጁ የሚወጡ ሆርሞኖች የእናቲቱ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክሙታል። ቤታ ሕዋሳቷም ሥራቸውን ከእጥፍ በላይ ያሳድጋሉ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰተው ስኳር በሽታ ይመጣል። ከወሊድ በኋላ ስኳሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ፈተናውን ያላለፈው ፓምፕ ግን በኋለኛው ዕድሜ ለሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ወንድ አይጥ ላይ ብቻ የቆመ ሳይንስ ይህን ፈተና ማየት ራሱ አይችልም።

75 ግራም ለሁሉም

እስካሁን ስለ ፓምፑ ነው። መለኪያውስ? ስኳር በሽታን ለመለየት ከሚያገለግሉት ምርመራዎች አንዱ እንዲህ ይሠራል፦ ሌሊቱን ሳትበሉ ታድራላችሁ፣ ጠዋት ደማችሁ ይለካል፣ ከዚያ በውሃ የተበጠበጠ 75 ግራም ግሉኮስ ትጠጣላችሁ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። 75 ግራም ለረጅሙም ለአጭሩም፤ ለ90 ኪሎውም ለ45 ኪሎዋም።

ሁለት ሮቶዎች አስቡ፤ አንዱ ባለ 1,000 ሊትር፣ ሌላው ባለ 500። ቅርጻቸው ሰፋ ጠበብ ይላል እንጂ ቁመታቸው ያው ነው። በሁለቱም ውስጥ እኩል አንድ በርሜል ውሃ ብትገለብጡ በትንሹ ውስጥ ደረጃው ይበልጥ ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ትንሹ ሮቶ ቀዳዳው ስለተደፈነ ነው ትላላችሁ?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ጥናት ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ታይተዋል፤ በባዶ ሆድ ሲለካ ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚገኘው በወንዶች ይበዛል፣ ከጠጡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ የሚገኘው ደግሞ በሴቶች። ይህ ልዩነት በከፊል እውነተኛ የሥነ ሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል። በአውስትራሊያ የተደረገ ሰፊ ጥናት ግን የሁለተኛው ሰዓት ልዩነት ከቁመት ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል፤ አጭር ሰው፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ ያንኑ 75 ግራም ሲጠጣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ «የሴቶች ቆሽት ከምግብ በኋላ ደካማ ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው የሮቶውን መጠን እንደ ቆሽት ችግር ቆጥሮት ሊሆን ይችላል። ይህ ትችት በተቃራኒ አቅጣጫም እንደሚሠራ ልብ በሉ፤ ጾታን መርሳት ስሕተት እንደሆነ ሁሉ፣ የቁመትን ልዩነት ጾታ ብሎ መጥራትም ስሕተት ነው።

የእኛ የመሐንዲሶቹ እጅም ንጹሕ አይደለም። ስኳርንና ኢንሱሊንን በሒሳብ የሚገልጸው ዝነኛው «አነስተኛ ሞዴል» በ1979 ሲቀርብ ጥቂት ቋሚዎች ብቻ ነበሩት፤ ውበቱም እሱ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የተገነባውን የቨርጂኒያና የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሙሌተር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 በእንስሳት ሙከራ ፋንታ እንዲያገለግል ተቀበለው። 300 ምናባዊ በሽተኞች ነበሩት፦ 100 አዋቂዎች፣ 100 ጎረምሶች፣ 100 ሕፃናት። ዕድሜ ተለይቷል። በየወሩ ሰውነቷ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ከፍና ዝቅ የሚልባት ሴት ግን ከክፍሎቹ አንዷ አይደለችም። አንደኛው ዓይነት ያለባቸው ብዙ ሴቶች ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ስኳራቸው እንደሚያስቸግራቸው ይናገራሉ። በእኛ ቋንቋ ይህ የሚጠበቅ፣ ተደጋጋሚ፣ ቀኑ የሚገመት ረብሻ ነው፤ ለመቆጣጠሪያ ንድፍ ከዚህ የተመቸ ረብሻ የለም።

ጎንደር፣ ቬሎር እና አዲሱ ስም

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር አይጦች የሚመስለው ካለ፣ ጉዳዩ እኛ ቤትም ገብቷል። በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የታተመ ጥናት አለ። ጎንደር አካባቢ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ስኳር በሽታ ያለባቸው ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች ድሆችና ቀጫጮች ነበሩ፤ ወንዶቹም ይበዙ ነበር። አጥኚዎቹ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ? ብለው በርእሱ ላይ ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 መድቦት በ1999 ሰርዞት ነበርና።

ጉዳዩ በእርግጥም ተከፈተ። በ2022 የኒው ዮርኩ አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅና በሕንድ የቬሎር ክርስቲያን የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ቀጭን ስኳር በሽተኞችን እጅግ ጥንቁቅ በሆነ ዘዴ ለኩ። ችግራቸው በዋናነት ኢንሱሊን ማነሱ እንጂ እንደ ሁለተኛው ዓይነት ሰውነታቸው ለኢንሱሊን አለመታዘዙ እንዳልሆነ አሳዩ። በ2025 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» የሚለውን ስም ተቀበለ። ለእንደኛ ዓይነት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ የተሳሳተ ስም የተሰጠው በሽተኛ የተሳሳተ መጠን ያለው ኢንሱሊን ሊታዘዝለት ይችላልና።

ግን የ2022ቱን ጥናት የተሳታፊዎች ዝርዝር ተመልከቱ፤ ከ19 እስከ 45 ዓመት የሆኑ ወንዶች ናቸው። ሁሉም። አንድም ሴት የለችም። ተመራማሪዎቹ አልደበቁትም፤ በሽታው ወንዶች ላይ በብዛት ከታየ በእነሱ መጀመርም ያስኬዳል። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ይህ መለኪያ የበሽታው መታወቂያ ካርድ ሲሆን፣ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ የወንድ ነው። በልጅነቷ በቂ ምግብ ሳታገኝ ያደገች፣ ቀጭን፣ ምናልባትም ሦስት ልጅ የወለደች የገጠር ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ከፎቶው ጋር ላትመሳሰል ትችላለች።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ግድ ነው፤ ጾታ እና ሥርዓተ ጾታ። ገጠር ውስጥ ወንዶች የበዙት ቆሽታቸው ስለሚለይ ነው? ወይስ ወደ ሆስፒታል የሚላከው ቀድሞ ወንዱ ስለሆነ? የመጀመሪያው የሥነ ሕይወት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የቤተሰብ፣ የመንገድና የገንዘብ። ሆስፒታል የደረሱትን ብቻ በመቁጠር ሁለቱን መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው ሴቶቹን ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ በዚያው መለኪያ በመለካት ነው።

«ታዲያ ሁለት ሳይንስ ይኑረን?»

የለም። ተቃውሞው ግን ቁምነገር አለው። ሁለቱን ጾታዎች ለየብቻ መመርመር ብዙ አይጥ፣ ብዙ ሰው፣ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ደግሞም በሁለት ወንዶች መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ወንድና በአማካይ ሴት መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። እውነት ነው። «የሴት ቆሽት» እና «የወንድ ቆሽት» ብሎ ሁለት ሳጥን ሠርቶ ሁሉንም ሰው እዚያ መክተት ያንኑ የአማካይ ስሕተት ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ጾታ ራሱ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም፤ ክሮሞሶም፣ ሆርሞን፣ ዕድሜ፣ እርግዝናና ማረጥ ሁሉ ያሉበት የብዙ ቁልፎች ሰሌዳ ነው። የምንጠይቀው ሰሌዳው እንዲነበብ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ «አዲስ የስኳር በሽታ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተሞከረው በማን ላይ ነው፤ በወንድ፣ በሴት ወይስ በሁለቱም? ሁለቱም ካሉ ውጤታቸው ለየብቻ ታይቷል ወይስ «ተስተካክሏል» ተብሎ ታልፏል? ልዩነት ተገኘ ከተባለ ደግሞ ቁመትን፣ ክብደትንና ሕክምና የማግኘት ዕድልን ከጾታ ለይተውታል? ሦስቱንም ለመመለስ የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ በጥናቱ የዘዴ ክፍል የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ካልተገኘም፣ አለመገኘቱ ራሱ አንድ መልስ ነው።